ቀፎው ሌላ፣ መስመሩ ሌላ፦ የወሎ ደንበኛ በኦፕሬተር ስልኮች ምርጫ ለምን ይማረራል?

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልዲያ ወደ ቴሌኮም ኦፕሬተር ሱቅ ገብቶ «በዱቤ የሚሸጥ ስልክ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሞዴል ይታየዋል፤ ከእነሱም አንዱ «ለጊዜው አልቋል» ይባላል። ወጥቶ አስፋልቱን ሲሻገር ግን አንድ ነጋዴ በመስታወት ሣጥን ሠላሳና አርባ ዓይነት ስልክ ደርድሮ ያገኘዋል። «ይህን ሁሉ አንቴና የተከለ ድርጅት እንዴት አንዲት ሱቅ የያዘችውን ያህል ስልክ ያጣል?» የሚለው ምሬት የሚነሳው ከዚህ ንጽጽር ነው።

ምሬቱ መሠረት አለው፤ የሚመታው ግን ከዋናው ነጥብ ጎን ነው። የመደርደሪያው መሳሳት ብቻውን ደንበኛውን ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው ዱቤው፣ የዳታ ስጦታውና አንዳንድ የኔትወርክ አገልግሎት ከዚያች አጭር ዝርዝር ጋር ሲታሰሩ ነው። ይህን ለማየት መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

ቀፎና መስመር

ኦፕሬተር የሚባለው ኔትወርክ ዘርግቶ መስመር የሚሸጥ ድርጅት ነው። በሀገራችን ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም 09 ቁጥሮች ጎን የ07 ቁጥሮችም የተለመዱ ሆነዋል። ቀፎ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሲም ካርዱ ነው፤ ኔትወርኩ ደንበኛውን የሚያውቀው በሲሙ እንጂ በቀፎው አይደለም። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ለሚከት ሰው ቁጥሩም ሂሳቡም አብሮት ይሄዳል።

ይህ በሁሉም ቦታ እንዲህ አልነበረም። ሲዲኤምኤ በሚባለው ቴክኖሎጂ ይሠሩ በነበሩት የአሜሪካ ኦፕሬተሮች ዘንድ፣ ለምሳሌ በቬራይዘንና በስፕሪንት፣ መስመሩ የሚመዘገበው በቀፎው መለያ ቁጥር ነበር። ኦፕሬተሩ በመዝገቡ ያላስገባው ስልክ ምንም ጥሩ ቢሆን አይደውልም። ሲም ካርድ ይጠቀም የነበረው ኤቲኤንድቲም ቢሆን አይፎንን በአሜሪካ ከ2007 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ለብቻው ሸጧል። እዚያ «የኦፕሬተሬ ምርጫ ጠባብ ነው» ማለት «የምፈልገውን ስልክ ጨርሶ መጠቀም አልችልም» ማለት ነበር። ከውጭ የሚነበቡ ቅሬታዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ የመጡ ናቸው፤ እንዳሉ ወደ እኛ ሲተረጎሙ ያደናግራሉ።

እኛ ዘንድ ከደሴው ሸዋ በር የተገዛ ቀፎም ሆነ ዘመድ ከጅዳ የላከው፣ ለአንድ ኦፕሬተር ያልተቆለፈ እስከሆነና ፍሪኩዌንሲው (የሚይዘው የሬዲዮ ሞገድ) ከኔትወርኩ ጋር እስከተስማማ ድረስ፣ የትኛውንም ሲም ይቀበላል። ስለዚህ የኦፕሬተሩ መደርደሪያ ባዶ ቢሆን እንኳ መስመሩን ከመጠቀም የሚከለከል የለም። ሰው ወደ ኦፕሬተሩ ሱቅ የሚሄደው በሌላ ምክንያት ነው፤ ዱቤ ፍለጋ፣ «ኮፒ እንዳይሸጡልኝ» በሚል ስጋት፣ ወይም ከስልኩ ጋር የሚሰጠውን ዳታ ሽቶ።

መደርደሪያው የሚሳሳበት ምክንያት

የሱቅ ነጋዴ የሚያተርፈው ከቀፎው ነው። ኦፕሬተር የሚያተርፈው ከመስመሩ ነው። ለኦፕሬተሩ ስልክ መሸጥ ደንበኛን ከቁልፍ ስልክ ወደ ዳታ ተጠቃሚነት የሚያሻግርበት ዘዴ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አርባ ሞዴል አያስፈልገውም። 4ጂ የሚይዝ ርካሽ ስልክ፣ አንድ መካከለኛና አንድ ቁልፍ ስልክ ይበቁታል። ካሜራው፣ ቀለሙ፣ የስክሪኑ ስፋት የደንበኛው ጉዳይ ነው።

ከዚህ በላይ የሚከብደው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አስመጪው 80 ዶላር የሚከፍልበትን ስልክ እንውሰድ። በ57 ብር ስሌት 4,560 ብር ነው፤ በ120 ብር ስሌት 9,600 ብር ይሆናል። ቀረጡ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና ትራንስፖርቱ ገና አልተደመሩም። ኦፕሬተር ሲያዝ በሺህ የሚቆጠር ስልክ ያዛል፤ ከትእዛዝ እስከ ርክክብ ወራት ያልፋሉ። ዋጋውን አሳትሞ ካስተዋወቀ በኋላ ምንዛሪው ቢጨምር ኪሳራው የእሱ ነው። የደሴው ነጋዴ ግን ከመርካቶ አሥር አሥር ፍሬ እያመጣ ዋጋውን በየሳምንቱ ይከልሳል። የዓይነት ብዛት የሚመጣው ከዚህ ቅልጥፍና ነው፤ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድርጅቱ የመንግሥት ሲሆን ደግሞ ግዥው በጨረታ ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ናሙና ተፈትኖ፣ ውል ተፈርሞ ስልኩ ወልዲያ እስኪደርስ አምራቹ ተከታዩን ሞዴል አውጥቶ ይቆያል። «ለምን ያረጀ ሞዴል ይሸጡልናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ፈተናውም ጊዜ ይፈጃል። የመገናኛ መሣሪያዎች ከሀገሪቱ ኔትወርክ ጋር መስማማታቸውን የማረጋገጥ ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኦፕሬተሩ ከዚያ በተጨማሪ በስሙ የሚሸጠውን ሞዴል ራሱ ይሞክራል፣ የመለዋወጫና የጥገና ስምምነት ይዋዋላል። አንድ ሞዴል በተጨመረ ቁጥር ይህ ሁሉ ይደገማል፤ የሚሸጠው መቶ ፍሬ ብቻ ከሆነ ድካሙ አያዋጣም።

በመንገዱ ማዶ ያለው «አርባ ዓይነት» ግን እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ትራንስሽን የሚባል አንድ የቻይና ኩባንያ የሚያወጣቸው ሦስት ስሞች ናቸው፤ ኩባንያው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ሣጥኑ ውስጥ ካሉት መካከል ብዙዎቹ የሚለያዩት በጀርባ ቀለም፣ በማከማቻ መጠንና በካሜራው ቅርጽ ነው። ሌላው ድርሻ ያገለገለ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከዓረብ ሀገር በሻንጣ የገባ ወይም በምሥራቁ በረሃ በኩል ቀረጥ ሳይከፈልበት የመጣ። ቀረጥ ያልተከፈለበት ስልክ ይረክሳል፤ ሲበላሽ ግን ማን እንደሚጠየቅበት አይታወቅም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. የቀፎ መለያ ቁጥር ምዝገባ ተጀምሮ ያልተመዘገቡ ስልኮች ከኔትወርክ ሲታገዱ የተፈጠረውን ግርግር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። አሠራሩ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ የቀረጥ ጥያቄው እስካለ ድረስ ግን ሐሳቡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

በወሎ የተለየ አንድ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከቆቦ እስከ ከሚሴ ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማትም ተጎድቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ዳታ በሌለበት ዳታ ለመሸጥ ተብሎ የሚቀርብ ስልክ ወደ አካባቢው ለማምጣት የሚቸኩል ኦፕሬተር አይኖርም። ነጋዴውም ካፒታሉን ወደ ሌላ ዕቃ አዞረ። የዛሬው ክፍተት አንዱ ሥር እዚያ ነው።

ቋጠሮው ያለው ዱቤው ላይ ነው

በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው የኦፕሬተሩ ዝርዝር ማጠሩ ብዙም አያስጨንቀውም፤ መንገዱን ይሻገራል። በወር ደመወዝ የሚኖር አስተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ግን አሥራ ሁለት ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት አይችልም። ለእሱ ዱቤው በር ነው፤ በሩ ደግሞ የሚከፈተው ለሁለትና ለሦስት ሞዴል ብቻ ነው። የምርጫ ማነስ ትክክለኛ ሸክም የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

ዱቤው በጥቂት ሞዴል የሚወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዱቤ የሚሸጥ ስልክ ውስጥ ክፍያ ሲቋረጥ ስልኩን ከርቀት የሚዘጋ ሶፍትዌር ይጫናል፤ ይህ ሶፍትዌር ፋብሪካው በፈቀደባቸው ሞዴሎች ላይ እንጂ በሁሉም ላይ አይሠራም። ሪሴት ተደርጎ የሚጠፋ መቆለፊያ ለአበዳሪው ዋጋ የለውም። የኬንያው ሳፋሪኮም በ2020 እ.ኤ.አ. ከጉግል ጋር የጀመረው በቀን 20 ሽልንግ እየተከፈለ የሚወሰድ ስልክም የቆመው በዚሁ መቆለፊያ ላይ ነው።

የዱቤውን ዋጋ ማስላት ከባድ አይደለም፤ ግን ጥቂት ሰው ያሰላዋል። ለምሳሌ ያህል ስልኩ 12,000 ብር ነው እንበል፤ ቅድመ ክፍያ 20 በመቶ (2,400 ብር)፣ የቀረው 9,600 ብር በ12 ወር የሚከፈል፣ የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ በቀሪው ላይ 12 በመቶ። ክፍያው 1,152 ብር ይሆናል፤ ደንበኛው በወር 896 ብር ይከፍላል። «12 በመቶ ብቻ» ይመስላል። ነገር ግን ዕዳው በየወሩ 800 ብር እየቀነሰ ስለሚሄድ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ በእጁ ያለው የአበዳሪው ገንዘብ 5,200 ብር ነው። 1,152 ለ5,200 ሲካፈል 22 በመቶ ይሆናል። እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው። ስለዚህ የሁለት አቅራቢዎችን ዱቤ ለማወዳደር በመቶኛው ከመከራከር ይልቅ ቅድመ ክፍያውንና ወርሃዊውን ሁሉ ደምሮ፣ ያንኑ ስልክ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ዋጋ መቀነስ ይሻላል።

በወሎ ይህ ስሌት ሌላ ገጽም አለው። ከሕዝቡ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ወለድ ያለበትን ብድር የማይነካ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ዱቤው በወለድ የታሰበ ከሆነ ለእነዚህ ደንበኞች ዝርዝሩ ሦስት ሞዴል ሳይሆን ባዶ ነው። መፍትሔው በባንኮቻችን የታወቀ ነው፤ ሙራባሃ በሚባለው አሠራር አበዳሪው ዕቃውን መጀመሪያ ራሱ ይገዛል፣ ከዚያ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ በተቆረጠ ዋጋ በክፍያ ይሸጣል፤ ደንበኛው ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርም። ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት በመስኮትም፣ ዘምዘምንና ሂጅራን በመሳሰሉ ሙሉ ባንኮችም አለ። በደሴ የዱቤ ስልክ ሲተዋወቅ «ከወለድ ነጻው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከካሜራው ጥራት በፊት መምጣቱ አያስገርምም።

ውሉ ላይ ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ሊገኝ ይገባል። አንደኛ፣ አንድ ክፍያ ሲያልፍ ስልኩ በስንት ቀን ይዘጋል፤ ሲዘጋስ ጥሪ መቀበል ይቻላል? ሁለተኛ፣ ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ስክሪኑ ቢሰበር ዕዳው ይቀጥላል? ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሲያልቅ መቆለፊያው በራሱ ይነሳል ወይስ ማመልከት ያስፈልጋል? ይህን ሳይጠይቅ የጨረሰ ሰው ስልኩን ሲሸጥ ገዢው «ሎክ አለበት» ብሎ ይመልስለታል። ዕዳ ማጠናቀቂያ ወረቀቱን ከካርቶኑ ጋር ማስቀመጥ ነው።

ቮልቲ፦ ስልኩ 4ጂ ሆኖ ጥሪው ለምን ወደ ኋላ ይመለሳል?

ከዝርዝሩ ውጭ ስልክ የገዛ ሰው የሚያነሳው ሌላ ቅሬታ አለ፦ «4ጂ ነው ብዬ ገዛሁ፤ ስደውል ግን ምልክቱ ወደ ኤች ወይም ወደ ኢ ይወርዳል፣ ዳታውም ይቆማል።» ስልኩ አልተበላሸም። 4ጂ የተሠራው ለዳታ ነው፤ ድምፅ በእሱ ላይ እንዲሄድ ቮልቲ የሚባል ተጨማሪ አሠራር ያስፈልጋል። ቮልቲ ከሌለ ስልኩ በጥሪ ጊዜ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ወርዶ ይደውላል፣ ሲጨርስ ይመለሳል። ጥሪው ከመጥራቱ በፊት ጥቂት ሰከንድ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ቮልቲ እንዲሠራ ሦስት ወገን መስማማት አለበት፤ ኔትወርኩ፣ ሲሙና የስልኩ ሶፍትዌር። ሦስተኛው ነው የሚያስቸግረው። አምራቹ የኦፕሬተሩን ቅንብር በሶፍትዌሩ ውስጥ ካላስገባ ሃርድዌሩ ቢችልም ቮልቲው አይበራም። ኦፕሬተሩ ራሱ የሚሸጣቸው ስልኮች ይህ ተፈትኖላቸዋል፤ ለሌላ ሀገር ገበያ የተሠራ ስልክ ላይ ግን የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ሲሙን ከከተቱ በኋላ በሴቲንግ፣ ሞባይል ኔትወርክ ውስጥ የቮልቲ ማብሪያ ከታየ ቅንብሩ አለ ማለት ነው። ካልታየ ሶፍትዌሩን አፕዴት ማድረግ አንዳንዴ ያመጣዋል። «ፍላሽ አድርጌ አመጣልሃለሁ» የሚል ጠጋኝ ሲመጣ ግን መጠንቀቅ ነው፤ የሌላ ሀገር ሶፍትዌር ሲጫን የቀፎ መለያ ቁጥሩ ሊጠፋ፣ ስልኩም ጨርሶ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የደንበኞች ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ኦፕሬተሮች ቮልቲ የሚሠራባቸውን ሞዴሎች ዝርዝር በየአገልግሎት ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

ደጋውና ሸለቆው

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ርቃ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ከደላንታ ወደ በሽሎ የሚወርድ ሰው አንቴናውን ከገደሉ አፋፍ ላይ እያየው ኔትወርክ ያጣል። የሬዲዮ ሞገድ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ሩቅ ይደርሳል፣ ከፍ ሲል ብዙ ዳታ ይሸከማል ግን በቶሎ ይደክማል፤ 900 ሜጋኸርዝ ከ2100 ይልቅ ገደል ገደሉን የተሻለ ይከተላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የስልኩ ዋጋ የሚለካው ዝቅተኛዎቹን ፍሪኩዌንሲዎች በመያዙና በባትሪው ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ቀን የሚጠብቅ ገበሬ አለ፤ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው ስማርት ስልክ አንድና ሁለት ቀን ሲቆይለት ቁልፍ ስልኩ ለቀናት ይሄድለታል። ቴሌብርም በ*127# በቁልፍ ስልክ ይሠራል። «ምርጫ ይስፋ» ሲባል ወደ ላይ ብቻ ማየት ልማድ ሆኗል፤ ለገጠሩ ወሎ ጠንካራ፣ 4ጂ የሚይዝ ቁልፍ ስልክ መጨመር ከአሥር ስማርት ስልክ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከዝርዝሩ ውጭ የሚገዛ ሰው ምን ይፈትሽ?

ገንዘብ ከመክፈል በፊት *#06# ይደወል። 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር። ካርቶኑ ላይ ካለውና በሴቲንግ ውስጥ ከሚታየው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሦስቱ ካልተስማሙ ወይ ካርቶኑ የሌላ ነው፣ ወይ ሶፍትዌሩ ተነካክቷል።

የ09 እና የ07 ሲም ካለ ሁለቱንም ከቶ መሞከር ነው፤ ደውሎ መስማት፣ ዳታ ከፍቶ 4ጂ መያዙን ማየት። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች *#*#4636#*#* ሲደወል የኔትወርክ መረጃው ይከፈታል፤ አንዳንድ አምራቾች ግን ዘግተውታል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ የቆዩና ርካሽ አንድሮይዶች 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ እኛ ዘንድ 900፣ 1800 ወይም 2100 ሊጎድላቸው ይችላል፤ ከተማ ውስጥ ሠርተው ገጠር ሲወጡ ዝም የሚሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። አዳዲሶቹ አይፎኖች ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ ችግር ሌላ ነው፤ ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ የተሠሩት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ የሚሠሩት በኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ በስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት ቁጥሩን ወደ ኢ-ሲም ማስቀየር በቅርብ ማዕከል ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለ፤ ሰዉ ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። የኔትወርክ ቁልፍ ማለት ስልኩ ከአንድ የውጭ ኦፕሬተር ሲም በስተቀር አልቀበልም የሚልበት ነው፤ በክፍያ ተወስዶ ዕዳው ሳያልቅ የተላከ ስልክ እንዲህ ነው። በአይፎን ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ካሪየር ሎክ በሚለው ሥር «ኖ ሲም ሬስትሪክሽንስ» ካለ ነጻ ነው። የአካውንት ቁልፍ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንት ነው። ይህን ለማወቅ ያለው እርግጠኛ ዘዴ አንድ ነው፤ ሻጩ ፊት ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጎ እንደገና ማስነሳት። የቀድሞ አካውንት ከጠየቀ ሻጩ እዚያው ያስወግድ፤ ካልቻለ ስልኩ ምናልባትም የተሰረቀ ነው።

ስለ ራም (ስልኩ በሥራ ላይ ሳለ ስለሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) የሚጻፈውንም በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ጊጋባይት» ተብሎ በትንሹ «4+4» ካለ እውነተኛው ራም 4 ነው፤ ሌላው ከማከማቻው የተበደረው ነው፣ ፍጥነቱም አይተካከልም። ኮፒ ስልክ ላይ ደግሞ ማከማቻው 128 ተብሎ ይጻፍና 8 ይሆናል፤ ጥቂት ትላልቅ የቪዲዮ ፋይሎች ገልብጦ ተመልሰው መከፈታቸውን ማየት ያጋልጠዋል። ቴሌግራም፣ የባንክ መተግበሪያና ካሜራ ለሚጠቀም ሰው 3 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ዝቅተኛው ነው ማለት ይቻላል፤ 2 በ32 የሆነው ስልክ ሲስተሙ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ በወራት ውስጥ «ቦታ የለም» ይላል።

ደረሰኝ መቀበል አይረሳ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ምትክ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል፤ ያለ ደረሰኝ ግን የትና መቼ እንደተገዛ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሌላው የደሴ ጠጋኞች የሚያውቁት ነገር የመለዋወጫ ጉዳይ ነው፤ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስክሪን በቀላሉ ይገኛል፣ ስሙ ብርቅ ለሆነ ስልክ ግን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም የስክሪኑ ዋጋ የስልኩን ግማሽ ይሆናል።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ሦስት ሐሳብ ይሰማል። አንደኛው ኦፕሬተሮቹ ሞዴል ይጨምሩ የሚል ነው። ለአጭር ጊዜ ደስ ያሰኛል፤ ከላይ የተዘረዘሩት የምንዛሪ፣ የጨረታና የፈተና ምክንያቶች ግን አይጠፉም። ሦስቱ ሞዴል ሰባት ቢሆን እንኳ መንገዱን ማዶ ያለውን አይደርስበትም፣ የክምችቱ ወጪም ዞሮ በታሪፍ ይመጣል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ኦፕሬተር ኔትወርኩን ያስተካክል፣ ስልክ መሸጡን ለነጋዴ ይተው። ለነጋዴው ይጥማል። ጉዳቱ ዱቤው አብሮ መቅረቱ ነው፤ የደሴ ባለሱቅ ለማያውቀው ሰው የአንድ ዓመት ዱቤ አይሰጥም፣ ቢሰጥም ዋስ ይጠይቃል። የኮፒ ስልክ ስጋት ያለበት ሰውም የሚተማመንበትን አንድ ሱቅ ያጣል።

ሚዛን የሚደፋው ሦስተኛው ነው፤ ዱቤውን ከሞዴሉ መፍታት። ኦፕሬተሩና ባንኩ ለደንበኛው እስከተወሰነ ብር የሚደርስ የግዥ ፈቃድ ይሰጡታል፤ ደንበኛው ውል ከገቡ ሱቆች ውስጥ የፈለገውን ይመርጣል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ በቀጥታ ለሻጩ ይገባል። ለሙራባሃም የሚመች ነው፤ ባንኩ ከሱቁ ገዝቶ ለደንበኛው ይሸጣል። ሱቁ ደረሰኝ እንዲቆርጥ፣ የቀፎ መለያ ቁጥሩን እንዲያስመዘግብ ስለሚገደድ ኮንትሮባንዱም ይጠባል፤ ከነጋዴው በኩል ተቃውሞ የሚመጣው ግን ከዚሁ ግዴታ ነው።

እንቅፋቱ መቆለፊያው ነው። የሚቆለፈው የተወሰነ ሞዴል ብቻ ስለሆነ፣ ነጻ ምርጫ ማለት ለአበዳሪው ያለ መያዣ ማበደር ማለት ነው። ስለዚህ መነሻው መጠነኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምሳሌ ደመወዙ በባንኩ በኩል ለሚያልፍ ሠራተኛ ወይም የሞባይል ብድር በሰዓቱ ሲመልስ ለቆየ ደንበኛ ያለ መቆለፊያ፣ ለሌላው ደግሞ መቆለፊያ የሚቀበሉ ሞዴሎችን ሁሉ (ዛሬ ከሚሸጡት ሁለትና ሦስት ይበዛሉ) በመክፈት። ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ፣ ለምሳሌ በ20 በመቶ ፈንታ 40 በመቶ፣ የሚከፍል ሰው ከመቆለፊያ ነጻ ቢሆን ደግሞ አበዳሪው የሚሸከመው ቀሪ ከ9,600 ወደ 7,200 ብር ይወርዳል፤ በስድስት ወር የሚያልቅ ከሆነ ወርሃዊው ከነክፍያው 1,300 ብር ገደማ ነው። ይህን የሚችል ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ አንድ ከተማ ላይ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ ለጥቂት ወራት መሞከር ይበቃል።